ከስድስቱ ማን ይበልጣል? የ«ፍሬንድስ» ተዋንያን በትወና ሲመዘኑ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዛሬ የማወራው «ፍሬንድስ» ስለሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ ነው፤ ታሪኩን ትተን ስለ ትወናው። ስድስት ዋና ተዋንያን አሉት፤ ሬቸልን የምትጫወተው ጄኒፈር አኒስተን፣ ሞኒካን የምትጫወተው ኮርትኒ ኮክስ፣ ፊቢን የምትጫወተው ሊሳ ኩድሮ፣ ጆይን የሚጫወተው ማት ለብላንክ፣ ቻንድለርን የሚጫወተው ማቲው ፔሪና ሮስን የሚጫወተው ዴቪድ ሽዊመር። ቅደም ተከተሉ የእኔ አይደለም። በመግቢያው ላይም ስማቸው የሚወጣው እንዲሁ ነው፤ ማንም ከማንም እንዳይቀድም በአባት ስማቸው የእንግሊዝኛ ፊደል ተራ። እኔ ግን ዛሬ አስቀድማለሁ፣ አስከትላለሁም። «ማን ይበልጣል?» ሲባል «ሁሉም ጎበዞች ናቸው» ተብሎ ሲታለፍ ደስ አይለኝም። ጎበዞች መሆናቸውማ እውነት ነው። ጉብዝናቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ልዩነቱን አበጥሮ ማየት ደግሞ ትወና ለሚወድ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልበል። ኮሜዲ ይናቃል። ተዋናይ ሲያለቅስ ስናይ «ወይ ትወና!» እንላለን፤ ሲያስቀን ግን «ተፈጥሮው ነው፣ ቀልደኛ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ቀልደኛ ሰው እኮ ሞልቷል። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያስቃችሁ ጓደኛ ሁላችሁም አላችሁ። እስቲ ያን ጓደኛችሁን ሌላ ሰው የጻፈውን ቀልድ፣ ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር፣ ደጋግሞ፣ ግን ሁልጊዜ ልክ አሁን ገና ከአፉ እንደወጣ አድርጎ እንዲናገር ጠይቁት። ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያኔ ይገባዋል።

«ፍሬንድስ» በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን በፈረንጆች ከ1994 እስከ 2004 ታየ። ዐሥር ሲዝን፣ 236 ክፍል። የመጨረሻውን ክፍል አሜሪካ ውስጥ ብቻ 52 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ተመልክቶታል። አብዛኛው የተቀረጸው ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ፣ ዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ያውም 300 የሚሆን ተመልካች ፊት ለፊት ተቀምጦ። ይህን ልብ በሉልኝ። ቀልዱ ሰዉን ካላሳቀ ጸሐፊዎቹ እዚያው ተሰብስበው ይቀይሩታል፤ ተዋናዩ አዲሱን ቃል ተቀብሎ ወዲያው ካሜራ ፊት ይቆማል። ሳቁ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ሰው እየሳቀ ከተናገርክ ቃልህ ይጠፋል። ደንዝዘህ ከጠበቅክ ደግሞ ትዕይንቱ ይሞታል። ስለዚህ ሳቁ እስኪበርድ ድረስ ገጸ ባሕርይውን ሳትለቅ በፊትህ፣ በዓይንህ፣ በእጅህ የሆነ ነገር መሥራት አለብህ። በአራተኛው ሲዝን መጨረሻ ለንደን ውስጥ የተቀረጸውን ክፍል አስታውሱ። ሞኒካ ከቻንድለር አጠገብ ከብርድ ልብሱ ስር ብቅ ስትል ታዳሚው አበደ። ጩኸቱ አላቆም አለ። ኮክስና ፔሪ ያን ሁሉ ጊዜ የድንጋጤውን ስሜት ሳይጥሉ ጠበቁት። የተከታታዩ ፈጣሪዎች ዴቪድ ክሬንና ማርታ ካውፍማን የሁለቱን ፍቅር ከታሰበው በላይ ያስረዘሙት ያንን ምላሽ አይተው ነው። እንግዲህ ተዋንያኑ የሳቁን ጊዜ ባይዙት ኖሮ ታሪኩም ሌላ ይሆን ነበር።

እኔ ተዋናይን የምመዝነው ሌላው ሰው ሲናገር በሚሠራው ነው። የራሱንማ ቃል ማንም ተለማምዶ ያሳምረዋል። ተራው ሳይሆን ሲቀር ምን ያደርጋል? ይሰማል? ወይስ የራሱን ተራ ይጠብቃል? ይህን ይዛችሁ «ፍሬንድስ»ን እንደገና ብታዩት ደረጃው ሰው ከለመደው ይለያል።

ከሊሳ ኩድሮ ልጀምር፤ አንደኛ የማደርጋት እሷን ነውና። በመጀመሪያው ክፍል ሬቸል ከገዛ ሰርጓ አምልጣ፣ ቬሎ እንደለበሰች ካፌው ውስጥ ትገባለች። ከሀብታም አባቷ ገንዘብ ተላቃ ብቻዋን መኖር ያስፈራታል። ፊቢ ልታጽናናት ትሞክራለች። ወደዚህ ከተማ ስመጣ 14 ዓመቴ ነበር፣ እናቴ ራሷን አጥፍታ፣ የእንጀራ አባቴ ተመልሶ እስር ቤት ገብቶ፣ የማውቀው ሰው አልነበረም፣ በኋላ ከአንድ የመኪና መስታወት ከሚያጥብ ሰው ጋር መኖር ጀመርኩ፣ እሱም ራሱን አጠፋ እያለች ትቀጥልና «ስለዚህ የሚሰማሽ ነገር በደንብ ይገባኛል» ትላታለች። ሰዉ በሳቅ ይፈነዳል። አሁን አስቡት። ይህ በወረቀት ላይ የሚያስለቅስ ታሪክ ነው። ኩድሮ ትንሽ ሐዘን ብትጨምርበት ቀልዱ ይሞታል። ቀልድ መሆኑን እንደምታውቅ ብታሳይ ደግሞ ፊቢ ጨካኝ ትሆናለች። እሷ የሰፈር ወሬ እንደምታወራ ሆና ተናገረችው። ድምፅዋ ቀላል ነው፣ ፊቷ ክፍት ነው፣ ከልቧ ልታጽናና ነው የምትፈልገው። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ፊቢ ማን እንደሆነች፣ ምን እንዳለፈባትና እንዴት እንደቻለችው ሁሉ ተነገረን። ይህን ገጸ ባሕርይ ሌላ ሰው ቢይዘው ኖሮ «እብዷ ጓደኛ» ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኩድሮ ቫሳር ኮሌጅ የተማረችው ባዮሎጂ ነው። ትወናን ያጠናችው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ግራውንድሊንግስ በሚባል የድንገቴ ኮሜዲ ቡድን ነው። ከ«ፍሬንድስ» በፊት «ፍሬዠር» ለሚባል ሲትኮም፣ ማለትም ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ፣ ተመርጣ ነበር፤ በልምምድ ላይ እንዳለች አነሷት፣ ሚናው ለሌላ ተሰጠ። ለእኔ ይህ የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። የእሷ ቀልድ ከጎን ነው የሚመጣው፤ ሌላው በጠበቀው ሰዓትና ቦታ አይመጣም፤ ለዚያ የሚሆን ቦታ ያስፈልገው ነበር። ከዚያ ደግሞ ኧርሱላ አለች፤ የፊቢ መንትያ። ኩድሮ ኧርሱላን ሌላ ተከታታይ ላይ ትጫወታት ስለነበር ነው ጸሐፊዎቹ መንትያ ያደረጓቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን እዩአቸው። ፊቱ አንድ ነው፣ ፀጉሩ አንድ ነው፣ ድምፁም ብዙ አልተለወጠም። የተለወጠው መስማቱ ነው። ፊቢ ሰው ሲያወራት ሙሉ በሙሉ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ቢጠመምም ሰምታ ነው። ኧርሱላ ደግሞ ማንንም አትሰማም፤ ዓይኗ ሰዉን አልፎ ይሄዳል። ኩድሮ በዚህ በአንድ ነገር ብቻ ሁለት ሰው ሠራች። በ1998 የአሜሪካ ቴሌቪዥን ትልቁን ሽልማት ኤሚን ስትወስድ ከስድስቱ የመጀመሪያዋ ነበረች። ተገቢ ነው።

ሁለተኛ ሽዊመር ነው። እዚህ ላይ እንደምትጮሁ አውቃለሁ! ሮስን የማይወድ ብዙ ነው። ነጭናጫ ነው፣ ቀናተኛ ነው፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። እኔም ሮስ ጓደኛዬ ቢሆን አልታገሰውም። ግን ገጸ ባሕርይውን መጥላትና ተዋናዩን ማሳነስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሽዊመር ስም የተጎዳው በዚህ ነው። ከስድስቱ በአካሉ የሚያስቅ እንደ እሱ የለም።

በአምስተኛው ሲዝን ሮስ የቆዳ ሱሪ የለበሰበትን ክፍል ውሰዱ። ለአዲስ ዓመት በየቀኑ አዲስ ነገር እሞክራለሁ ብሎ የገዛው ነው። ከአንዲት ሴት ጋር ሊያመሽ ቤቷ ሄዷል። ሙቀቱ ሲብስበት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሱሪውን ዝቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወደ ላይ አልመለስ ይለዋል። ለጆይ ስልክ ይደውላል። ፓውደር ነስንስበት ይለዋል። አልሆነም። ሎሽን ጨምርበት ይለዋል። ሁለቱ ተደባልቀው ሊጥ ሆኑ። ትዕይንቱ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው፣ ጠባብ ክፍል፣ ስልክ። ሽዊመር ሱሪውን በሁለት እጁ ይጎትታል፣ በሎሽን የራሰው እጁ ያመልጠዋል፣ ግንባሩን ይመታዋል። መምታቱ አይደለም እኔን የሚያስቀኝ። ከተመታ በኋላ ለአንድ አፍታ ቀጥ ይላል። አይጮህም። ሮስ የተማረ ሰው ነው፣ ዶክትሬት አለው፣ ክብሩን ይጠብቃል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሆኖ እንኳን ነገሩን በዕውቀት ሊፈታው እየሞከረ ነው። ቀልዱ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ በሚሆነው ነገርና ሮስ ራሱን በሚያይበት መካከል። ሽዊመር ይህን ክብር አንድም ጊዜ አልጣለም። ጥሎት ቢሆን ኖሮ የሰርከስ ቀልድ ይሆን ነበር።

ድምፁም እንደዚያው ነው። በዐሥረኛው ሲዝን ጆይና ሬቸል አብረው መሆናቸውን ሲያውቅ «ደህና ነኝ» እያለ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ በተናገረ ቁጥር ይቀጥናል። ቃሉ አንድ ነገር ይላል፣ ጉሮሮው ሌላ። ሶፋውን በደረጃ ሲያወጡ «አዙሩ!» እያለ የሚጮህበትንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አላስረዝመውም። ሽዊመር ከመድረክ የመጣ ሰው ነው። በ1988 ከጓደኞቹ ጋር ቺካጎ ውስጥ ሉኪንግግላስ የሚባል የቴአትር ቡድን መሥርቷል፤ የሮስን ሚናም ጸሐፊዎቹ የጻፉት እሱን እያሰቡ ነው። የመድረክ ልምዱ በአካሉ ላይ ይታያል። ከተከታታዩም ዐሥር ክፍሎችን ራሱ ዳይሬክት አድርጓል።

ማቲው ፔሪ ከሽዊመር ፍጹም ይለያል። የፔሪ መሣሪያ ምት ነው። አንድን ዓረፍተ ነገር ይወስድና ማንም ያላሰበውን ቃል ይጫነዋል። ያ የአነጋገር ዘዬ ከመምጣቱ በፊት በአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዲህ የሚናገር አልነበረም፤ ከመጣ በኋላ ደግሞ ግማሹ ወጣት እንደ ቻንድለር ማውራት ጀመረ። እዚህ መካከላችን እንግሊዝኛ ሲናገሩ ቻንድለርን የሚመስሉ ሰዎች አሉ፤ አሁንም ስትስቁ አየኋችሁ።

ፔሪን ሳስብ ግን ልቤ ይከብዳል። በሱስ ሲሰቃይ እንደኖረ ራሱ በግልጽ ተናግሯል። በ2016 ለቢቢሲ ሲናገር በሦስተኛውና በስድስተኛው ሲዝን መካከል ሦስት ዓመት ያህል እንደማያስታውስ ገልጿል። እነዚያ ሲዝኖች እኮ ከምርጦቹ ናቸው! ሰውየው የማያስታውሰውን ሥራ እኛ በቃላችን እናውቀዋለን። በ2021 ስድስቱ ዳግም በተገናኙበት ዝግጅት ላይ ደግሞ ታዳሚው ካልሳቀለት የሚሞት እንደሚመስለው ተናገረ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ቻንድለርን የማየው በሌላ ዓይን ነው። በ2023 በ54 ዓመቱ ሲያርፍ አዝኛለሁ፤ ዛሬም አዝናለሁ። ያም ሆኖ ሐዘኔ ሚዛኔን እንዲያጋድለው አልፈልግም። ፔሪ ሦስተኛ ነው። ለምን ካላችሁኝ የመጀመሪያዎቹን ሲዝኖች አስተውሉ፤ ሌላው ሲናገር ፊቱ ላይ አንዳንዴ የሚታየው የሚቀጥለው ቀልድ ነው። ሰውየውን ከመስማት ይልቅ የቀልዱን በር ይጠብቃል። ይህ ለቻንድለር ይስማማዋል፤ ቻንድለር በቀልድ የሚደበቅ ሰው ነውና። ኩድሮና ሽዊመር ግን ያን መደበቂያ ሳይዙ ነው የሠሩት።

ፔሪና ኩድሮ ፊት ለፊት የገጠሙበት አንድ ክፍል አለ፤ በ1999 የታየ፣ የአምስተኛው ሲዝን 14ኛ ክፍል። ሞኒካና ቻንድለር ፍቅራቸውን ደብቀዋል። ፊቢ ደርሳበታለች፤ ግን እንዲናዘዙ ልታስገድዳቸው ፈልጋ ቻንድለርን እንደወደደችው ታስመስላለች። እነሱም እንደደረሰችባቸው ያውቃሉ። ስለዚህ ሁለት ሰዎች የማይፈልጉትን ነገር እየፈለጉ መምሰል አለባቸው፣ ማንም ቀድሞ መሸሽ አይፈልግም። ሞኒካ መታጠቢያ ቤት ተደብቃለች፣ ሌሎቹ በር ላይ ያዳምጣሉ። ለትወና ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም፤ ተዋናዩ የሚዋሽ ሰውን ሲጫወት ውሸቱም እውነቱም አንድ ላይ መታየት አለባቸው። ሁለቱ ለመሳሳም የሚቀራረቡበትን ቦታ ቀስ ብላችሁ እዩት። ኩድሮ ፊቷ ይቀርባል፣ አንገቷ ወደኋላ መቅረት ይፈልጋል። ፔሪ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ጠፍቶታል። በመጨረሻ ቻንድለር ይሸነፍና ሞኒካን እንደሚወዳት ይናገራል። እዚህ ላይ ፔሪ የማይረሳ ነገር አደረገ፤ ቀልዱን ሁሉ ከድምፁ አወጣው። ምቱ ቆመ። ያ ሁሌ የሚጫነው ቃል የለም፤ ተራ ሰው ሆኖ ተናገረው። ኩድሮስ? አሸንፋ ሳለ ትደነግጣለች። የጀመረችው ጨዋታ ነበር፤ ፍቅር መሆኑን አላወቀችም። ፊቷ ላይ ድሉ ሲወርድና ደስታ ሲተካው በአንድ ጊዜ ይታያል። የእሱ ቃል እንዲህ የሚነካን እሷ ስለሰማችው ነው።

አኒስተን ከሁሉም ዝነኛዋ ናት። ፀጉሯ ብቻ እንኳን ዓለምን አዳርሷል። ዝናዋ ግን ችሎታዋን ሸፍኖባታል እላለሁ። ጥንካሬዋ አንድ ስሜት ወደ ሌላው ሲሻገር መካከሉን ማሳየት ነው። በሦስተኛው ሲዝን በ1997 የታየውን የሮስና የሬቸል መለያየት አስታውሱ። ሌሊቱን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ። ሌሎቹ አራቱ ሞኒካ መኝታ ቤት ውስጥ ተቀርቅረው መውጣት አቅቷቸዋል፤ ርቧቸው የፀጉር መንቀያ ሰም እስከመብላት ደርሰዋል። ከበሩ ወዲህ የልብ ስብራት፣ ከበሩ ወዲያ ቀልድ። ዳይሬክተሩ ጄምስ በሮውስ ነው፤ የመጀመሪያውንም ክፍል የሠራው እሱ ነው። መጨረሻው ላይ ሮስ ተንበርክኮ ወገቧን ያቅፋታል። አኒስተን ቆማለች፣ ታለቅሳለች። እጇን እዩት። ልትነካው ትፈልጋለች፤ ከነካችው ይቅር ማለት ነው። ያ ትግል ከሚናገሩት ቃል ሁሉ ይበልጣል። በ2002 በመሪ ተዋናይት ዘርፍ ኤሚ ስታገኝ ያ ሽልማት ከዚህ ምሽት ጀምሮ ይገባት ነበር። ብቻዋን በምትሆንባቸው አስቂኝ ትዕይንቶች ላይ ግን ከኩድሮና ከሽዊመር ታንሳለች፤ ሌላ ሰው አጠገቧ ሲኖር ነው የምትደምቀው።

አሁን በጣም ወደምቆጭበት ጉዳይ እንምጣ። ኮርትኒ ኮክስ። ከስድስቱ በ«ፍሬንድስ» አንድም ጊዜ ለኤሚ ያልታጨች እሷ ብቻ ናት። በዐሥር ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ! ሽዊመር ታጭቷል፣ ፔሪ ታጭቷል፣ ለብላንክ ደጋግሞ ታጭቷል፣ ሁለቱ ሴቶች ሽልማቱን ወስደዋል። ኮክስ ባዶ እጇን ቀረች። የሚገርመው ተከታታዩ ሲጀመር ከሁሉም የምትታወቀው እሷ ነበረች፤ በ1984 በብሩስ ስፕሪንግስቲን የሙዚቃ ቪዲዮ ላይ ታይታለች፣ «ፋሚሊ ታይስ» የሚባል ሲትኮም ላይም ሠርታለች። አዘጋጆቹ ለሬቸል ሚና ነበር ያሰቧት፤ ሞኒካን የመረጠችው ራሷ ናት።

ለምን ተረሳች? የሞኒካ ሥራ ቤቱን መያዝ ስለሆነ ነው። ሌሎቹ የሚያብዱት ሞኒካ ወጥ ቤት፣ ሞኒካ ሶፋ ላይ ነው። አንድ ሰው መሬት ላይ መቆም አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ አይሸለምም። ግን ኮክስ መሬት ላይ ብቻ አልቆመችም። በአራተኛው ሲዝን ያለውን የጥያቄና መልስ ውድድር አስታውሱ። ሮስ ጠያቂ ነው፤ ሴቶቹ ሞኒካና ሬቸል፣ ወንዶቹ ቻንድለርና ጆይ። ሞኒካ በእልህ አፓርታማዋን ታስይዛለች። የመጨረሻው ጥያቄ የቻንድለር ሥራ ምንድነው የሚል ነው፤ ሬቸል ጨንቋት የሌለ ቃል ፈጥራ ትናገራለች። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ያንን ቃል ነው። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ኮክስን እዩአት። ከውድድሩ መጀመሪያ አንስታ ሰውነቷ እየተወጠረ ነው የሚሄደው። አንገቷ፣ ትከሻዋ፣ ጣቶቿ። ሬቸል እያሰበች ሞኒካ መልሱን በዓይኗ ከጓደኛዋ አፍ ልትጎትተው ትሞክራለች። ከዚያ «ያ እኮ ቃል እንኳን አይደለም!» ብላ ስትጮህ ድምፁ የተሸነፈ ሰው ሳይሆን የተዘረፈ ሰው ድምፅ ነው። ኮክስ ያን ሁሉ ደቂቃ ባትወጠር ኖሮ የአኒስተን ቃል ያን ያህል አያስቅም ነበር።

ሌላም ልጨምር። በስድስተኛው ሲዝን መጨረሻ፣ በ2000፣ ሞኒካ ራሷ ተንበርክካ ቻንድለርን ለትዳር ትጠይቃለች። ትጀምረዋለች፤ መጨረስ ያቅታታል። እንባ ይቀድማታል፣ በእንባው መካከል ለምን ሴቶች ይህን እንደማያደርጉ አሁን ገባኝ ዓይነት ነገር ብላ ትስቃለች። ሳቅና ለቅሶ በአንድ ትንፋሽ። ይህን ትዕይንት የማያደንቅ ሰው አላውቅም፤ ግን ሲያደንቁት «ሞኒካና ቻንድለር» ይላሉ እንጂ «ኮክስ» አይሉም። ከሽዊመር ጋር እህትና ወንድም ሆነው በስድስተኛው ሲዝን የሚደንሱትን ያን የልጅነት ዳንስም አትርሱ። ሁለቱም ዳንሱ የዓለም ምርጥ እንደሆነ አምነው ነው የሚደንሱት። ከሽዊመር ጋር በአካል ቀልድ እኩል መቆም ቀላል አይደለም፤ ኮክስ ቆመች።

ከካሜራ ውጪም አንድ ነገር አድርጋለች። ኩድሮ በተደጋጋሚ እንደተናገረችው ገና ሲጀምሩ ኮክስ ለሌሎቹ «አንዳችን ለአንዳችን አስተያየት እንስጥ፣ እንረዳዳ» ብላቸዋለች። ተዋናይ ለተዋናይ አስተያየት መስጠት በዚያ ሙያ እንደ ነውር ነው የሚታየው። ከስድስቱ ዝነኛዋ እሷ ሆና «ይህ የሁላችንም ነው» ማለቷ ነገሩን ሁሉ ቀየረው። በኋላ ደመወዝ ላይም እንዲሁ አደረጉ፤ ከሌሎቹ የተሻለ ይከፈላቸው የነበሩት ሽዊመርና አኒስተን እኩል ይሁን ብለው፣ ስድስቱ አብረው ተደራደሩ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሲዝኖች እያንዳንዳቸው በክፍል አንድ ሚሊዮን ዶላር ደረሱ። እንዲህ የተስማሙ ሰዎች ካሜራ ፊት ቀልድ አይሻሙም። ለረጅም ጊዜ ለኤሚ የሚቀርቡትም ሁሉም በረዳት ተዋናይ ዘርፍ ነበር።

ማት ለብላንክን መጨረሻ ያደረግኩት ንቄው አይደለም። ጅል መጫወት ከባድ ነው። ብዙ ተዋናይ ጅል ሲጫወት «እኔ እንደዚህ አይደለሁም» የሚል ነገር ዓይኑ ላይ ይተዋል። ለብላንክ አይተውም። ጆይ ያስባል፤ ሐሳቡ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው የሚደርሰው፣ ሲደርስ ደግሞ ፊቱ ላይ እናየዋለን። በዐሥረኛው ሲዝን ፊቢ ፈረንሳይኛ ስታስተምረው እያንዳንዱን ቃል በትክክል ይደግማል፤ አንድ ላይ በል ስትለው ትርጉም የለሽ ድምፅ ያወጣል፣ በትክክል እንደተናገረም እርግጠኛ ነው። ያ እርግጠኝነቱ ነው ሥራው። በሦስተኛው ሲዝን ሁለተኛ ክፍል ደግሞ፣ ስድስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ለግብዣ እየተዘጋጁ ሮስ ሰዓት እያየ በሚያብድበት፣ ጆይ የቻንድለርን ልብስ ሁሉ ደራርቦ ለብሶ ገብቶ በቻንድለር አነጋገር ይቀልዳል። ለብላንክ ፔሪን ይጫወታል ማለት ነው፤ ግን ጆይ ሆኖ። ምቱን በትክክል አልያዘውም፣ ትንሽ ይበዛበታል፤ ጆይ ቢሆን እንደዚያ ነው የሚያደርገው። በዚያው ክፍል ቀረጻ ላይ ሶፋ ወንበሩን ለመሻማት ሲዘል ትከሻው ወለቀ፤ ጉዳቱን በሚቀጥለው ክፍል ታሪክ ውስጥ አስገቡት።

«ታዲያ ለምን መጨረሻ አደረግከው?» ትሉ ይሆናል። መልሱን የሰጠው ራሱ ጊዜ ነው። «ፍሬንድስ» ሲያበቃ በ2004 ለጆይ ብቻ የራሱ ሲትኮም ተሠራለት። ሁለት ሲዝን ቆይቶ በ2006 ተቋረጠ። ለብላንክ ያው ለብላንክ ነበር፣ ጆይም ያው ጆይ። የጎደለው የሚሰማው ሰው ነበር። ጆይ አንድ ነገር ሲል ቻንድለር የሚያዞረው ዓይን፣ ሞኒካ የምታቋርጠው ሥራ፣ ፊቢ «ልክ ነህ» የምትልበት ድምፅ አልነበረም። ኩድሮ ደግሞ በ2005 «ዘ ካምባክ» ላይ ያለ አምስቱ ጓደኞቿ፣ ከፊቢ ፈጽሞ የተለየች ሴት ሆና መጣችና ለኤሚ ታጨች። ሽዊመርም በ2016 ስለ ኦጄ ሲምፕሰን የፍርድ ሂደት በተሠራው ተከታታይ ላይ የሲምፕሰንን ጠበቃ ሮበርት ካርዳሺያንን ሆኖ ያለ አንዲት ቀልድ ሠርቶ ታጨ። ለብላንክም በኋላ «ኤፒሶድስ» ላይ ራሱን እየተጫወተ ጎልደን ግሎብ ወስዷል፤ ስለዚህ ስድስተኛ ስለው ከመጥፎ ተዋንያን ስድስተኛ ማለቴ አይደለም።

ተራው እንግዲህ ይህን ይመስላል፤ ኩድሮ፣ ሽዊመር፣ ፔሪ፣ ኮክስ፣ አኒስተን፣ ለብላንክ። ከፊት ያሉት ወንድም ኮክስን ከአኒስተን ለምን አስቀደምክ ብለው ጠይቀውኛል። አኒስተን ያየነውን ትልቅ ሥራ የሠራችው ታሪኩ ትልቅ ስሜት በሰጣት ቀን ነው፤ ሮስና ሬቸል የተከታታዩ ዋና ፍቅር ናቸው፣ ጸሐፊዎቹም ብዙ ሰጥተዋታል። ኮክስ ግን ስሟ በማይነሣባቸው ክፍሎች ጭምር፣ ቀልዱ የሌላ ሰው በሆነበት ቀን ሁሉ፣ ያንኑ ያህል ሠርታለች። የማትስማሙ ካላችሁ የጥያቄና መልሱን ክፍል ድምፁን አጥፍታችሁ እዩትና ኑ፣ እንከራከርበታለን። አሁን ሌላ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።